ብሎኑ ሊሰበር መሆኑን ነግሮኝ ነበር

ሥራው ቀላል ነበር። የአሮጌዋ መኪናዬ ጭስ ማውጫ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ጋስኬት፣ ጭስ እንዳያመልጥ መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል፤ ጠዋት ስትነሳ ጠቅ ጠቅ ትላለች፣ ስትሞቅ ትተወዋለች። ስምንት ብሎን እፈታለሁ፣ ጋስኬቱን እቀይራለሁ፣ መልሼ አጠብቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ያልቃል ብዬ ጀመርኩ። አራት ቀን ፈጀብኝ።

ስድስቱ ያለ ብዙ ጣጣ ወጡ። የሰባተኛው ራሱ ተላጠ። ስምንተኛው፣ ጥግ ላይ ያለው፣ ተሰበረ። ጥግ ላይ ያሉት ቀድመው የሚሰበሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጭስ ማውጫው ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፣ ትልቁ እንቅስቃሴ ደግሞ ጫፉ ላይ ነው። ብሎኑ ለዓመታት ሲጎተት ኖሯል ማለት ነው።

የሚቆጨኝ ግን አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። የሚፈታ ብሎን ጠቅ ብሎ በድንገት ይለቃል። የሚሰበር ብሎን እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል፤ መፍቻው ይዞራል፣ ግን የሚዞረው ጥርሱ አይደለም፣ አንገቱ ነው እየተጠመዘዘ ያለው። እኔ ያንን ልስላሴ «እሰይ፣ መጣ!» ብዬ ጨመርኩበት። ቀጭ። መፍቻው ከነብሎኑ ራስ እጄ ላይ ቀረ።

እዚያ ጋ ቆም ማለት ነበረብኝ። ለስለስ ሲል ወደ ማጥበቂያው ትንሽ መመለስ፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት መጨመር፣ እንደገና ሩብ ዙር መሞከር፣ ወዲህ ወዲያ እያሉ ማላመድ። ዝገት ከብረቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ በጥርሶቹ መሃል እንደ ሽብልቅ ይወጠራል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስትገፋው የተፈረፈረው ዝገት ከፊቱ ይከመርና ጭራሽ ያንቀዋል። ዘይቱም ቢሆን እኔ እንዳደረግኩት ረጭቶ አምስት ደቂቃ ቆሞ የሚሆን አይደለም። መጀመሪያ ቅርፊቱን በሽቦ ብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያ መርጨት፣ ራሱን በመዶሻ ቀጥ አድርጎ መታ መታ ማድረግ (ንዝረቱ ለዘይቱ መግቢያ ይከፍታል)፣ ከዚያ ማሳደር። ማሳደሩ ላይ ነው ሁላችንም የምንሸነፈው።

የተላጠው በቶሎ ተገላገለ። ከራሱ በትንሹ የጠበበ ባለ ስድስት ማዕዘን መፍቻ በመዶሻ መትቼ አስገባሁና ወጣ። ራሱን የላጠው ባለ አሥራ ሁለት ማዕዘኑ መፍቻ ነው፣ ጥጎቹን ብቻ ስለሚይዝ። አሁን ለዛገ ነገር አላነሳውም።

ለተሰበረው ግን አንድ ሞኝነት ሠራሁ። ኤክስትራክተር የሚባለውን፣ ብሎኑን በስተህ መሃሉ የምትከተውን ጠመዝማዛ ብረት አመጣሁ። ስብራቱ ሸካራ ስለነበር ትራፓኖው (መብሻ ማሽኑ) ተንሸራተተና ቀዳዳው ከመሃል ወጣ። በሊማ አስተካክዬ፣ መሃሉን በነጥብ መምቻ ምልክት አድርጌ፣ በቀጭን ፑንታ (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ) ጀምሬ ቢሆን ኖሮ! ብቻ ኤክስትራክተሩን ከትቼ አዞርኩ፣ እሱም ውስጥ ተሰበረ። ይሄ ብረት እጅግ የጠነከረ ነው፤ ተራ ፑንታ ይጮህበታል እንጂ አይበላውም። ቆይቼ ሳስበው ሳቄ መጣ። ብሎኑ ሙሉ ሳለ፣ ራሱን ይዤ በረጅም መፍቻ ስታገለው እምቢ አለ፤ ታዲያ ከእሱ በቀጠነ ብረት እሺ የሚለኝ ለምንድን ነው? በራሱ ዝገት ለተያዘ ብሎን ኤክስትራክተር አልመክርም። ልል ሆኖ ለተሰበረ ይሁን።

ያዳነኝ ብየዳ ነው። ብየዳ የሚችል ጓደኛዬን ለመንኩት። ከቴስታታው አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ብቅ ያለ ጉቶ ነበር። ባትሪውን ነቀልን፣ ጉቶው ላይ ዳዶ (ብሎን የሚታሰርበትን ባለ ቀዳዳ ብረት) አስቀመጠና በቀዳዳው ውስጥ በየደው። ዳዶው ዚንክ የተቀባ እንዳይሆን፣ ጭሱ ያማል። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ብየዳው እሱ ላይ አይጣበቅም፣ እኔ ግን ትንፋሼን ይዤ ነው ያየሁት። ሁለት ጊዜ ዳዶው ተገነጠለ። በሦስተኛው ያዘ። ቅላቱ እስኪጠፋ ጠበቅን፣ ሻማ አስነካሁት፣ ሰሙ ቀልጦ ወደ ጥርሱ ሰረገ፣ ከዚያ ወዲህ ወዲያ ስል ሲጢጥ ብሎ ወጣ። ያን ድምፅ ከሙዚቃ አላሳንሰውም። ለካ ሥራውን የሠራው ዳዶው ብቻ አይደለም፤ ብየዳው ብሎኑን ከውስጥ አግሎ ዝገቱን ሰብሮታል።

በእሳት ነበልባል ለማሞቅ የምታስቡ ካላችሁ፣ አሉሚኒየም ቀልቶ አያስጠነቅቅም። በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ እስኪቀልጥ ድረስ መልኩ ያው ነው። ዘይት የረጫችሁበትን መጀመሪያ ጥረጉ፣ ይነዳል። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ ያረፈበትን ደግሞ በጭራሽ በእሳት አትንኩ፤ ክሎሪን ያለበት ዓይነት ሲቃጠል መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

መልሼ ስገጥም ጥርሶቹን አጸዳሁ፣ ስምንቱንም በአዲስ ቀየርኩ፣ የመዳብ ግሪስ ቀባሁ። ግሪስ የተቀባ ብሎን ስለሚንሸራተት በደረቁ ልክ ካጠበቃችሁት ከልክ በላይ ይወጠራል፤ ትንሽ ቀነስ አድርጉ።

ጠቅ ጠቅታው ጠፋ። ከታች፣ ቧንቧው የሚታሰርበት ጋ፣ ዳዶ ይሁኑ የዝገት ጓል መለየት የሚያስቸግር ሁለት ቀርተዋል። ከማክሰኞ ጀምሮ ጠዋትና ማታ ዘይት እየረጨኋቸው ነው። እስካሁን መፍቻ አላስነካኋቸውም።