አሸዋው ለምን ደረቀ?

ድመቱን ያመጡት በዘንቢል ነው፣ ላዩን በነጠላ አስረው። ድሬዳዋ ውስጥ ከቀፊራ እስከ እኛ የእንስሳት ክሊኒክ ባጃጅ፣ ደጃፉ ላይ ተራ የሚጠብቁ ሁለት ውሾች፣ ከዚያ የብረት ጠረጴዛ። ሰዓቱ ስድስት፣ ወሩ ግንቦት። ጆሮውን ወጋን፤ የደም ስኳር መለኪያው ማሽን 386 አለ።

እማማ ደብተራቸውን ገለጡ። ስኳር እሳቸውም አለባቸው፤ ማሽኑም፣ መርፌውም፣ ደመናማው ኤንፒኤች ኢንሱሊንም የራሳቸው ነው፣ ለውሮ አካፍለውት ነው እንጂ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ዩኒት ይወጉታል፤ ሲጀምሩና ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ቀኑን በየሁለት ሰዓቱ ለክተው ጽፈዋል። የመጀመሪያው ገጽ፦ ጠዋት 1 ሰዓት 342፣ 3 ሰዓት 236፣ 5 ሰዓት 228፣ 7 ሰዓት 290። የትናንቱ፦ 204፣ 121፣ 112፣ 168።

ድመቱ ስኳር ውስጥ የገባው ለእከኩ በየሳምንቱ ዴክሳ፣ ማለትም ዴክሳሜታዞን የሚባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት፣ ሲወጋ ከርሞ ነው። ማን እንደወጋው አልናገርም፤ ቁንጫ መሆኑን ለማወቅ ፀጉሩን ገለጥ ማድረግ ይበቃ ነበር። ዴክሳ ኢንሱሊንን ሥራ ያስፈታል፤ ሲቆም ደግሞ ሰውነት በሳምንታት ውስጥ ወደ ራሱ ሊመለስ ይችላል። ያስቆምነው እኛው ነን። ቁጥሩ እየወረደ መሄዱ እንግዲህ የሚጠበቅ ነበር። ይህን አሁን ሳወራው ቀላል ነው፤ ያን ቀን ዓይኔ 386 ላይ ተተክሏል።

«የሰው ማሽን ለድመት ዝቅ አድርጎ ነው የሚያነበው» አልኳቸው። ውሸት አይደለም። በሰው ደም ከስኳሩ ጥሩ ድርሻ ያለው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው፤ በድመት ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ፈሳሹ ውስጥ ነው፣ ማሽኑ ደግሞ የተቀመረው ለሰው ነው። ያልነገርኳቸው የእኛም ማሽን የሰው መሆኑን ነው። ያውም ስሪቱ ከእሳቸው ጋር አንድ።

«ይሁን» አሉ። «ታዲያ አሸዋው ለምን ደረቀ?»

አሸዋው ከደቻቱ ወንዝ የሚመጣ ነው፣ ለውሮ መጸዳጃ በሳፋ የሚደረግ። በፊት በቀን ሁለቴ ይቀየር ነበር፣ ጭቃ ሆኖ። አሁን አንዱ ሁለት ቀን ይቆያል፤ የውሃ ጣሳውም ሳይጎድል ያድራል። የድመት ስኳር ከ250 እስከ 290 ያለውን ሲያልፍ በሽንት መፍሰስ ይጀምራል፣ ውሃውንም ይዞት ይወጣል። ከዚያ በታች ሲውል አሸዋው ይደርቃል። ፈተና ላይ ብጠየቅ በደንብ እመልሰው ነበር።

«ሙቀት ነው እማማ። ድሬ ላይ ምን የማይደርቅ ነገር አለ?»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «አንተ ልጅ፣ ውሮ ድሬ ነው የተወለደው። ባለፈው ወርም ሙቀት ነበር።»

ረዳቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እኔ ብዕሬን አነሳሁና ጻፍኩ፦ ጠዋትና ማታ ሁለት ዩኒት።

ከአንድ ወደ ሁለት ሲባል ትንሽ ይመስላል። ባለ 1 ሚሊ ሊትሩ የኢንሱሊን ስሪንጅ ላይ አንዱ መስመር ሁለት ዩኒት ነው፤ ከመስመሩ እኩሌታ ወደ መስመሩ፣ የፀጉር ያህል። ግን እጥፍ ነው። አራት ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ድመት መጨመር ካስፈለገ እንኳ በግማሽ ዩኒት ነው፣ እሱም ቤት የተለካው የቀኑ ዝቅተኛ ቁጥር ታይቶ። የጠዋቱ ቁጥር ብቻውን አያዋጣም፤ ኤንፒኤች ድመት ላይ ከተወጋ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ቁጥሩን ታች ያደርሳል፣ ሥራውም ከስምንት ሰዓት ብዙም አያልፍም። ጠዋት 204 ያለ ድመት ረፋዱ ላይ የት እንዳለ ለክቶ ያየ ብቻ ነው የሚያውቀው። እሳቸው አይተው ነበር።

በማግስቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልክ። ውሮ እየተንገዳገደ ነው፣ የኋላ እግሩ አልታዘዝ ብሎታል፣ ለክተውታል፣ 44። እኔ «ማር…» ብዬ ስጀምር «ቀብቼዋለሁ» አሉኝ። ድዱ ላይ በጣት፣ ትንሽ ትንሽ፤ አፉ ውስጥ ማፍሰስ ሳንባው እንዲገባ ያደርጋል፣ ይህንንም ያውቃሉ። በሩብ ሰዓት 71፣ ሥጋ በላ፣ ከዚያ 109። የማታውን መርፌ አስቀረን።

ማታ ቤታቸው ሄድኩ፣ ማሽናቸውን ልመረምር ብዬ። ለምርመራ የሄደ ሰው ትምህርት ቤት ገባ።

ውሮን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፣ ፊቱን ወደ ውጭ፤ ጀርባው ሆዳቸውን ከነካ ማፈግፈጊያ የለውም። የጆሮውን ጫፍ በጣታቸው አሹት። ድሬ ላይ ይህ ይበቃል። ሐረር ያሉት እህታቸው ቤት ሲያድሩ ግን ጠዋት ጆሮው በረዶ ስለሚሆን፣ ሙቅ ውሃ የያዘ ትንሽ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልለው ግማሽ ደቂቃ ያስጠጉለታል፤ ካልሞቀ ደም አይወጣም። ቫዝሊን ጠርዙ ላይ በስሱ፦ ደሙ ፀጉሩ ውስጥ ሳይሰራጭ እንደ ዶቃ እንዲቆም። አልኮል አያስጠጉም። ያቃጥለዋል፣ ካልደረቀም ጠብታውን ያቀጥናል።

ከጆሮው ሥር የታጠፈ ጥጥ አደረጉ። እኔ ጣቴን ነበር የማደርገው፣ ስንቴ እንደተወጋሁም አልቆጥርም። የሚወጉት የደም ሥሩን አይደለም፤ በደም ሥሩና በጠርዙ መካከል ያለችውን ቀጭን መስመር ነው። በእጅ፣ ያለ መርፌ መወንጨፊያው፣ «ቀጭ» የሚለው ድምፅ ያስበረግገዋልና። ስትሪፑ፣ ደሙን የሚቀበለው ቀጭን ቁራጭ፣ ቀድሞ ማሽኑ ላይ ገብቷል። ጠብታዋ ስትቆም የስትሪፑን ጫፍ ወደ እሷ አስጠጉ፣ ራሱ ጠጣ። ጠብታው ካነሰ ማሽኑ ስህተት ይላል፤ ያኔ ጆሮውን አጥብቆ መጭመቅ የጀማሪ ነገር ነው፣ የሚወጣው ከደም ይልቅ ሌላ ፈሳሽ ይሆናል። እንደገና አሙቆ እንደገና መውጋት ይሻላል። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ በደረቅ ጥጥ መጫን፣ አለዚያ ጆሮው ይበልዛል፣ ነገ ሲነኩት ይነክሳል። ቁራጭ ሥጋ የሚሰጠው ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ነው፤ ውሮ ያን ስለሚያውቅ ማሽኑ ጢው ሲል ነው ጆሮውን የሚያነሳው።

138። የእኛን ማሽን አውጥቼ ከዚያው ጠብታ አጠጣሁት። 141።

ያን ቀን ቁጥሩን 386 ያደረሱት እንግዲህ ዘንቢሉ፣ ባጃጁና ውሾቹ ናቸው። ድመት ሲደነግጥ ጉበቱ ስኳር ይለቃል፤ ጤነኛ ድመት እንኳ ጠረጴዛችን ላይ 300 ሊያልፍ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ቤት የተለካን ቁጥር ማመን ጀመርኩ። ወር አልቆየሁበትም። አንድ የባጃጅ ሹፌር ስልኩ ላይ የጻፈውን አሳየኝ፦ 134፣ 128፣ 140፣ 131። ቆንጆ። ድመቷ ግን አጥንቷ ወጥቷል።

«አሸዋው እንዴት ነው?»

«አቦ ዶክተር፣ ይረጥባል! በሙቀቱ ውሃ ትጠጣለች እኮ።»

ስትሪፑን የት እንደሚያስቀምጥ ጠየቅኩት። ባጃጁ ውስጥ፣ መስታወቱ ሥር፣ ክዳኑም ላላ ብሎ። ብዙዎቹ ስትሪፖች ከ30 ዲግሪ በላይ መቀመጥ የለባቸውም፤ ግንቦት ላይ ድሬ ጥላውም ከዚያ ያልፋል፣ የቆመ ባጃጅ ውስጥ ያለውን ማሰብ ነው። ላዩ ላይ ያለው ኢንዛይም በሙቀትና በእርጥበት ይሞታል፣ ማሽኑ ግን ምንም ሳይሸማቀቅ ቁጥር ይሰጣል። የስኳር መጠኑ በታወቀው የመቆጣጠሪያ ፈሳሽ ስንፈትሸው ብልቃጡ ላይ ከተጻፈው ገደብ በጣም ወርዶ ተገኘ። ድመቷን በአዲስ ስትሪፕ ለካን፤ ድንጋጤዋን ቀንሼ እንኳ ለ131 የሚቀርብ አልነበረም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ልክተተው ወይ አለኝ። አይሆንም፤ ከቅዝቃዜ ሲወጣ ጤዛ ይይዛል። ቤት ውስጥ፣ ጨለማና ደረቅ ቦታ፣ በራሱ ዕቃ፣ ክዳኑ ጥርቅም ብሎ። ማቀዝቀዣው የኢንሱሊኑ ነው፣ እሱም በረዶ ቤቱን ሳይነካ።

የውሮን ነገር ልጨርስ። ግማሽ ዩኒት በባለ 1 ሚሊ ሊትሩ ስለማይለካ፣ የግማሽ መስመር ያለው ባለ 0.3 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ከአዲስ አበባ አስመጣን። በግማሽ ዩኒት አምስት ሳምንት ሄደና ኢንሱሊኑን ጨርሶ ተወው።

ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲመጡ ያው ዘንቢል፣ ያው ነጠላ። እማማ ምንም ሳይሉ የራሳቸውን ማሽን ከቦርሳቸው አውጥተው ከእኛው ጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የእኛ 231። የእሳቸው 226። እኔም ምንም አልጻፍኩም።

ማታ 12 ሰዓት ላይ ደወሉ። «ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። 97» አሉና ዘጉት።