ዲስኬ «ፎርማት ላድርገው?» ያለኝ ማታ

ክረምት ነበር። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ ደግሞ ከአሮጌው ዴስክቶፕ ወደ ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ፋይል አዛውራለሁ። ኮፒ አላደረግኩም፣ ከት ነው ያደረግኩት፣ ዋናው ከቦታው እንዲነሳ። ዴስክቶፑ ላይ ቦታ ጠቦኝ ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ድርግም አለ።

ሥራዬ ትርጉምና ጽሕፈት ነው። በዚያች ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ ላይ የ9 ዓመት ሥራዬና የልጆቼ ፎቶ አለ። የሰፈራችን ዕድር ሒሳብም እዚያው ነው። መዝገቡን ከደብተር ወደ ኤክሴል ያዛወርኩት እኔ ነኝ። «ዘመናዊ እንሁን እንጂ!» ብዬ ስብሰባ ላይ የተናገርኩትም እኔው ነኝ።

መብራት ሲመጣ ዲስኩን ሰካሁት። ዊንዶውስ «ከመጠቀምህ በፊት ዲስኩ ፎርማት መደረግ፣ ማለትም እንደ አዲስ መዘጋጀት አለበት፣ ላድርገው ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ። እንቅልፍ እያዳፋኝ ስለነበር አዎ ልለው ምንም አልቀረኝም። እሺ ባይ ሰው መሆን የሚጎዳው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው።

ያን ሌሊት የገባኝ ነገር አሳፈረኝ። ዲስኩን ለዓመታት «ባክአፕ» እያልኩ ስጠራው ኖሬአለሁ። ግን ከላዩ ያለው አብዛኛው ፋይል ሌላ ቦታ የለም። ቦታ በጠበበኝ ቁጥር ከኮምፒውተሩ እየነቀልኩ እዚያ ስወረውር ኖሬ፣ ያለኝ ብቸኛ ቅጂ ሆኗል።

በማግስቱ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ሰክቶ አየውና «ፎርማት አድርገን በሪከቨሪ እናወጣዋለን፣ አታስብ» አለኝ። አሰብኩ እንጂ። ወጥቼ ለአንድ አይቲ ለሚሠራ ጓደኛዬ ደወልኩ።

«ወንድሜ፣ ዲስኩን ተቀበለውና ወደ ቤትህ ሂድ» አለኝ። ፈጣን ፎርማት ፋይሉን ሁሉ ባያጠፋም አዲስ ማውጫ ከአሮጌው ላይ ይጽፋል። ያኔ የፋይሎቹ ስምና የፎልደሮቹ አሰላለፍ ሊሄድ ይችላል። «ከአሁን ወዲያ ዲስኩ ላይ አንዲት ፊደል እንዳትጽፍበት። ዴስክቶፑንም አጥፋው» አለኝ። ዴስክቶፑ ምን አደረገ ብዬ ስጠይቀው፣ ከት ያደረግኳቸው ፋይሎች ከዚያ ተሰርዘው ቢሆንም ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ ቦታቸው ላይ እንዳሉ ነገረኝ። ደግነቱ ውስጡ ያለው የድሮው የሚሽከረከር ዲስክ ነው። ኤስኤስዲ የሚባለው የማይሽከረከር ዓይነት ቢሆን ኖሮ የተሰረዘውን ራሱ እየጠረገ ስለሚያጸዳ ተስፋ አልነበረኝም።

ባለ 2 ቴራባይት ዲስኩንና ኡቡንቱ የሚባል ነፃ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የተጫነበት ፍላሽ አዋሰኝ። ዴስክቶፑን በፍላሹ አስነስቼ መጀመሪያ የዲስኩን ጤና አየሁ። ለማንበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች፣ ማለትም የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች ነበሩ። ስለዚህ ከታመመው ዲስክ ላይ ፋይል መፈለግ ቀረ። ቀድሞ ዲስኩ እንዳለ ከነባዶ ቦታው ወደ ጤነኛው መገልበጥ አለበት። ለዚህ ዲዲሬስኪው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ደህናውን ክፍል አስቀድሞ በፍጥነት ይገለብጣል። የሚያስቸግረውን ዘሎ ይሄድና በመጨረሻ ተመልሶ ይታገለዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለው። ፕሮግራሙ የት ድረስ እንደደረሰ በአንድ ትንሽ ፋይል ላይ ይመዘግባል። መብራት ቢሄድ ያንኑ ትዕዛዝ ደግመህ ስትሰጠው ካቆመበት ይቀጥላል። የእኔ ዴስክቶፕ ያለው ዩኤስቢ 2 ብቻ ነው፣ በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ገደማ ነው። 1 ቴራባይት በዚህ ፍጥነት ከ9 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሁለቱ ዲስኮች መስመሩን ሲጋሩት ደግሞ ይብሳል። በመሃል መብራት ሁለት ጊዜ ሄደ። ሁለት ቀን ፈጀ። የመጀመሪያው ጊዜ ግን ከዜሮ ጀመርኩ። መዝገቡን ያስቀመጥኩት ኡቡንቱው ዴስክቶፕ ላይ ነበር፣ እሱ ደግሞ በፍላሽ ሲነሳ ሁሉን ነገር ሜሞሪ ላይ ነው የሚይዘው፣ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ መዝገቡን በተዋስኩት ዲስክ ላይ አደረግኩት።

ቅጂው ሲያልቅ የተበላሸ ዲስክ የሚጠግነውን ቴስትዲስክ የሚባል ፕሮግራም ከፈትኩ። የፈረንሳዊው የክሪስቶፍ ግሬኒየ ሥራ ነው፣ ነፃ ነው። መልኩ አያምርም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ግን በደቂቃዎች ውስጥ ችግሩን ነገረኝ፤ ዲስኩ ምን ዓይነት እንደሆነ የሚናገረው የመጀመሪያው ሴክተር ተበላሽቷል። ዊንዶውስ ፋይል የሚያደራጅበት ኤንቲኤፍኤስ የሚባለው ሥርዓት የዚህን ሴክተር ቅጂ በክፍልፋዩ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ያ ደህና ነበር። ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መልሰው አልኩት፣ በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ላይ አይደለም። ፎልደሮቼ ከነስማቸው ተደረደሩ። ባለቤቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት። «ጥሩ» ብላ ዞራ ተኛች።

የዕድሩ ኤክሴልም ተገኘ፣ ያውም በብዛት። ዊንዶውስ ፋይል ሂስትሪን አንድ ጊዜ አብርቼ ረስቼው ኖሮ፣ በየጊዜው የተቀመጡ ቅጂዎች ከነቀናቸው ተደርድረዋል። ስማቸው ላይ ያለው ሰዓት በዩቲሲ፣ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ገባኝ። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ከእሱ ላይ 3 ብትቀንስ የእኛ አቆጣጠር ይመጣልሃል። 12 ሰዓት የሚለው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። እንዲህ እያልኩ የቅርቡን ለየሁ። ግን እሱ ራሱ ሁለት ወር ወደ ኋላ የቀረ ነበር። የመጨረሻው ያን ማታ ሲዛወሩ ከነበሩት ፋይሎች አንዱ ነው።

እነዚያን ፍለጋ ወደ ዴስክቶፑ ዲስክ ሄድኩ። የተሰረዘውን የሚፈልገው የቴስትዲስክ ወንድም ፎቶሬክ ነው። ማውጫ አያይም። እያንዳንዱ የፋይል ዓይነት የሚጀምርበትን ምልክት እያሸተተ ያወጣል። ዋጋው ስም የለሽነት ነው። በቁጥር የተሰየሙ ፋይሎች፣ 500 በ500 በየፎልደሩ ተሞልተው ይመጣሉ። የልጄ የክርስትና ፎቶ ከማላውቀው ድረ ገጽ ምስል ጋር ተደባልቆ አገኘሁት። መለየቱ ሦስት ሳምንት ወሰደ፣ አሁንም አላለቀም።

አንድ ነገር ግን ልትጠነቀቁ ይገባል። የድሮ የትርጉም ሥራዎቼን ስከፍት የላቲን ፊደል ትርምስ ሆኑብኝ። ተበላሽተዋል ብዬ ወደ አርባ የሚሆኑ ፋይሎች ሰረዝኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ። በድሮው የአማርኛ መጻፊያ በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ናቸው! የዛሬ ኮምፒውተሮች የሚጋሩት የፊደል ሥርዓት፣ ዩኒኮድ ስላልሆነ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ እንዲያ ነው የሚታየው። ፎንቱን ስጭን አማርኛው ተመለሰ። የሰረዝኳቸውን ከቅጂው ላይ እንደገና አወጣሁ፤ ቅጂው ባይኖር ጉድ ነበር። አሁን የድሮዎቹን ወደ ዩኒኮድ እየቀየርኩ ነው፣ ፎንቱንም ከፋይሎቹ ጋር አብሬ አስቀምጫለሁ።

አሁን ሁለት ዲስክ አለኝ። አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እህቴ ቤት። በየወሩ ቡና ልጠጣ ስሄድ እቀያይራቸዋለሁ። ከት የሚባል ነገር ትቻለሁ፣ ኮፒ አድርጌ፣ ከፍቼ አይቼ ነው ዋናውን የማጠፋው። ያውም በየወሩ አምስት ፋይል በዘፈቀደ እከፍታለሁ። ዕድሩና የደንበኞቼ ሰነዶች ብቻ ጎግል ድራይቭ ላይ ይወጣሉ፣ ነፃው 15 ጊጋባይት ለእነሱ ይበቃል። ለፎቶው ፓኬጁ አይቀመስም። ሮቦኮፒ የሚባለውን የዊንዶውስ መገልበጫ በሚረር ትዕዛዝ አልጠቀምም። ከአንዱ የጠፋውን ከሌላውም ያጠፋልና፣ ስህተቴንም ታዝዞ ባክአፕ ያደርግልኛል። ለዴስክቶፑ መብራት ሲጠፋ የሚይዝ ያገለገለ ባትሪ፣ ዩፒኤስ ገዛሁ። አሥር ደቂቃ ነው የሚይዘው፣ ለመዝጋት ይበቃል።

የዕድሩ ሁለት ወር ግን ከየትም አልወጣም። ፈራ ተባ እያልኩ ሰብሳቢያችን ጋ ሄድኩ። «ጋሼ፣ የሰኔና የሐምሌ መዋጮ ጠፍቶብኛል» አልኳቸው።

መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ምን ይጠፋል? ጸሐፊዋ እኮ ደብተሩን አላቆመችም።»

ጸሐፊዋ መሳቢያውን ከፍታ ሰማያዊውን ደብተር አወጣች። ሰኔም ሐምሌም ከነፊርማው አለ። ቁጭ ብዬ ወደ ኤክሴል ገለበጥኩት።