ለዘጠኝ የሚካፈል ጉድለት

በአንዲት ቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆኜ ስቀጠር፣ ቀደም ሲል በሠራሁበት የንግድ ድርጅት ከለመድኩት ቁጥጥርና ጥርጣሬ እገላገላለሁ የሚል ተስፋ ነበረኝ። በቤተ ክርስቲያን ሁሉም ወንድምና እኅት ስለሆነ ሰነድ ማመሳከርም ሆነ ፊርማ ማብዛት እምብዛም አያስፈልግም ብዬ አስብ ነበር። የተቀበሉኝ ሰዎች በእርግጥ ቤተሰብ ሆነውልኛል፤ ስለ ሰነዱና ስለ ፊርማው ያሰብኩት ግን ስሕተት ነበር፤ ስሕተት መሆኑንም የተረዳሁት አንድ ባልደረባዬን በሰው ፊት ካሳፈርኩ በኋላ ነው።

ጽሕፈት ቤታችን ሰባት ሰዎች አሉት፤ መጋቢው፣ ጸሐፊዋ፣ ሁላችንም «እትዬ» እያልን የምንጠራቸው ገንዘብ ያዥ፣ የመዝሙርና የድምፅ መሣሪያ ኃላፊው፣ በዕድሜ የገፉት የግቢው ጥበቃ፣ ከባንክ እስከ ማተሚያ ቤት የሚላላከው ወጣት እና እኔ። የዕለቱ ሥራ በጸሎት ይጀመራል፤ ጸሎቱንም በየተራ እንመራለን። ተራው የጥበቃው አባት የሆነ ዕለት ጸሎቱ ይረዝማል፤ ምክንያቱም እርሳቸው የሚጸልዩት የእያንዳንዳችንን ልጆች በስማቸው፣ የታመመውን በሕመሙ ዓይነት፣ ፈተና ያለበትን ደግሞ በትምህርቱ ስም እየጠሩ ነው። አንድ ቀን የጸሐፊዋ ልጅ በጂኦግራፊ መውደቁን ሁላችንም በሁለት «አሜን» መካከል ሰማን፤ እናቱ ራሷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ጸሎቱ ያለቀው በሳቅ ነበር። ከዚያ በፊት በሠራሁበት ቦታ፣ ለስድስት ዓመታት ጎን ለጎን ተቀምጠን የሠራነውን ሰው ልጆች ስም አላውቅም ነበር።

የቀብር ወይም የሠርግ ሥነ ሥርዓት ባለበት ቀን የሥራ መደብ የሚባል ነገር የለም። መጋቢው ወንበር ይሸከማል፤ ጸሐፊዋ ከድምፅ ኃላፊው ጋር ሽቦ ትዘረጋለች፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ሰው አስተናግዳለሁ። ጸሐፊዋ ሥራዋን እንዴት እንደምትወድ የገባኝም እንደነዚህ ካሉት ቀናት በአንዱ ነበር፤ ወደ ሮሜ ሰዎች የተላከውን መልእክት ጳውሎስ ሲናገር በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ የሚባል ሰው መሆኑን፣ እርሱም በምዕራፍ 16 ላይ በራሱ ስም ሰላምታውን ጨምሮ እንደሄደ አሳየችኝና «ጸሐፊም የቤተሰቡ አባል ስለሆነ ነው» አለችኝ። እውነት ለመናገር ያን ምዕራፍ የስም ዝርዝር ነው ብዬ ሁልጊዜ እዘለው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማንሳት ይኖርብኛል። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን» የሚለው አባባል በቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤቶች በክፉም ሊያገለግል ይችላል፤ የዕረፍት ቀን ሲሰረዝ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ ሳይከፈልበት ሲቀር፣ ጥያቄ ያነሣ ሰው «መንፈሱ ልክ አይደለም» ሲባል የሚቀርበው ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። በእኛ ዘንድ እንዲህ ዓይነቱ ነገር እንዳይፈጠር ከመጋቢው ይልቅ የጠበቁን እትዬ ይመስሉኛል፤ እርሳቸው ለፍቅርም ደረሰኝ የሚጠይቁ ሰው ናቸው።

የእሑድን አሥራትና መባ የሚቆጥሩት ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱን ኖት በየዓይነቱ ለይተው በመቁጠሪያ ቅጹ ላይ ይመዘግቡና ሁለቱም ይፈርማሉ፤ ገንዘቡ በቦርሳ ተቆልፎ ያድራል፤ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዎች ወደ ባንክ ይወስዱታል። እኔ ድምሩን ከቅጹ ወደ ገቢ መዝገብ አሰፍራለሁ፤ በማግስቱ ደግሞ ቅጹን፣ መዝገቡንና የባንኩን ማስገቢያ ደረሰኝ አመሳክራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት «እትዬ፣ እዚህ እኮ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል?» ብዬ ጠይቄአቸው ነበር። እርሳቸውም የዴቢትና የክሬዲትን አሠራር ዘርዝሮ እ.ኤ.አ. በ1494 በቬኒስ ያሳተመው ሉካ ፓቾሊ የፍራንሲስካን መነኩሴ እንደነበረ ነግረውኝ፣ «መነኩሴው ያላፈረበትን አንተ ታፍርበታለህ?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ነገሩ የተፈጠረበት ሰኞ የወር መጨረሻ ነበር። ከወጣቱ ጋር ወደ ባንክ መሄድ የሚገባኝ እኔ ነበርኩ፤ ነገር ግን የደመወዙን ዝርዝር ለመጨረስ ስለቸኮልኩ «ዛሬ ብቻህን ሂድ፤ ምንም አይደል» ብዬ ላክሁት። የእሑዱን ድምር ወደ መዝገብ ያሰፈርኩትም በዚያው ጥድፊያ፣ ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መካከል ይዤ ከማተሚያ ቤቱ ሰው ጋር እየተነጋገርኩ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት መዝገቡ 34,860 ይላል፤ የባንኩ ደረሰኝ 34,680። በባንክ በኩል 180 ጎደለ ማለት ነው። ደንቡ ሦስቱን ሰነዶች ማመሳከር ቢሆንም፣ መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ ቅጹን ማውጣት አላስፈለገኝም፤ ዓይኔ በቀጥታ የሄደው በቅጹና በባንኩ መካከል ብቻውን ወዳለፈው ሰው ነበር። ወጣቱ ፖስታ ለመውሰድ ሲገባ «ቦርሳው መንገድ ላይ ተከፍቶ ነበር እንዴ?» አልኩት። ቃሉ የጥያቄ ነው፤ ድምፄ ግን የጥያቄ አልነበረም። ጸሐፊዋ መተየቧን አቆመች። ወጣቱ አንድም ቃል ሳይመልስ የቢሮውን፣ የመጋዘኑንና የአዳራሹን ቁልፎች ዘለላ ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛዬ ላይ በተዘረጋው መዝገብ መካከል አስቀመጠው። ዘለላው ያረፈው በእጄ በጻፍኩት ድምር ላይ እንደነበረ ያስተዋልኩት ቆይቼ ነው።

እትዬ ከማዶ ሆነው ሰምተዋል። «ልዩነቱ ስንት ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ፤ ያለፈውን እሑድ የፕሮግራም ወረቀት ገልብጠው በጀርባው ላይ በእርሳስ 180ን ለ9 አካፈሉ። 20 ወጣ። «ያለ ቀሪ ተካፍሏል» አሉ፤ «ልጁ ይቀመጥ፤ አንተ ቅጹን አምጣ።»

ሒሳብ የሠራ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኔም አውቀው ነበር፤ በዚያች ሰዓት ግን አልመጣልኝም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል፤ 17 መጻፍ ሲገባው 71 የተጻፈ እንደሆነ ልዩነቱ 54 ነው። አንድ አኃዝ አንድ ቤት ወደ ግራ ሲሻገር ዋጋው አሥር እጥፍ ይሆናል፤ ይኸውም ዘጠኝ እጥፍ ጨመረ ማለት ነው፤ ወደ ቀኝ የተሻገረው ደግሞ በአዲሱ ቦታው ሲቆጠር ዘጠኝ እጥፍ ያጣል። ለ9 መካፈሉ ብቻውን ማስረጃ አይደለም፤ ሌላም ስሕተት በአጋጣሚ ሊካፈል ይችላል፤ የት መፈለግ እንደሚገባ ግን ይጠቁማል። የወጣው 20፣ ማለትም በአሥር ቤት ያለ 2 ስለሆነ፣ እትዬ የሚፈልጉት በመቶና በአሥር ቤት ላይ ያሉ፣ በ2 የሚበላለጡ ሁለት አኃዞችን ነበር። ቅጹን ገና ከእጄ ሳይቀበሉ በእርሳሱ ጫፍ የቁልፉን ዘለላ ገፋ አድርገው በመዝገቡ ላይ 8ቱንና 6ቱን ነኩ። ቅጹ 34,680 ይላል። ባንኩም ልክ ነው፤ ቆጣሪዎቹም፤ ወጣቱም።

በሰው ፊት ስለበደልኩት ይቅርታውንም በዚያው ሰው ፊት ጠየቅሁት። «ምንም አይደለም፤ እርስዎ ሥራዎን ነው የሠሩት» አለኝና ፖስታውን ይዞ ወጣ። በቃላቱ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ነገር ግን እስከዚያ ቀን ድረስ «ጋሼ» እያለ፣ ታላቅ ወንድሙን እንደሚጠራ «አንተ» እያለ ያነጋግረኝ የነበረው ልጅ ከዚያ በኋላ «አቶ» እና «እርስዎ» ማለት ጀመረ። አክብሮቱ በጨመረ ቁጥር እኔ ከቤት እየወጣሁ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር በደብዳቤ መክሰስም ሆነ በስብሰባ ማንሣት አይቻልም። ለመጋቢው ባዋየው «ጊዜ ስጠው፤ አንተም ሰኞ ሰኞ ከእርሱ ጋር መሄድህን አትተው» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረም።

ዓርብ ጸሎት የመምራት ተራው የእኔ ነበር። ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 8ን አነበብኩ፤ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተዋጣውን ገንዘብ በተመለከተ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝባቸው በመጠንቀቅ ቲቶን ከሌሎች ሁለት ወንድሞች ጋር የላከበት ክፍል ነው። ስለ ራሴ መናገር ከጀመርኩ በኋላ ድምፄ ስለተቆራረጠ እትዬ ተቀበሉኝ፤ ሁለተኛው ሰው ከቦርሳው ጋር የሚሄደው የመጀመሪያውን እንዲሰልል ሳይሆን፣ እንደ ማክሰኞው ዓይነት ጥያቄ ሲመጣ ምስክር እንዲሆነው ነው አሉ፤ ያንን ምስክር የነፈግሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ቁልፎቹን ግን በዚያው ቀን ከጠረጴዛዬ አነሣ።

ከዚያ ወዲህ ሰኞ ቀርቼ አላውቅም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቦርሳውን በመካከላችን አድርገን ዝም ብለን እንሄድ ነበር። በኋላ ማታ ማታ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ እንደሚማር ነገረኝ፤ የተቸገረበትን ጥያቄ በመንገድ ላይ ያነሣል፤ ስንመለስ በቁጥር ተከራክረን እንገባለን። «እርስዎ» ማለቱን ግን አላቆመም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ለሠርግ ሥነ ሥርዓት ከጎረቤት ቤተ ክርስቲያን የተዋስናቸውን ወንበሮች ለመመለስ ስንቆጥር 336 ሆኑ፤ በእጄ ያለው ዝርዝር 363 ይላል። ጥበቃው አባት ሁለት ጊዜ ደግመው ቆጠሩ፤ ያው ነው። ሃያ ሰባት ወንበር በማን መኪና ሊሄድ ይችላል እያልኩ፣ ወንበር ሲጭኑ ያየኋቸውን ሰዎች በልቤ እየዘረዘርኩ ነበር። ወጣቱ በደረደራቸው ወንበሮች ላይ ክንዱን አስደግፎ ለጥቂት ጊዜ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ቆየ።

«ጋሼ፣» አለኝ፣ «27 ለ9 ይካፈላል። ዝርዝሩን የጻፍከው አንተ ነህ?»

መልስ ከመስጠቴ በፊት የድምፅ ኃላፊው መሬት ላይ ተቀምጦ መሳቅ ጀምሮ ነበር። የተዋስንበትን ሰነድ ከኪሴ አውጥቼ ዘረጋሁት፤ 336 ይላል። እትዬም ሳቁን ሰምተው፣ ማንም ምንም ሳይነግራቸው፣ እርሳሳቸውን ይዘው ከቢሮ ወጡ።