ከ3 የሚጀምረው ሜትር

ለ12ኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪዎች «ከሙያ ጋር የተያያዘና የሚያዝናና» የሒሳብ ተግባር እንዳዘጋጅ በታዘዝኩ ጊዜ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በምሳሌነት የሰጡኝ የሙያ ስሞች የተደበቁበት የቃላት እንቆቅልሽ ነበር። እኔ ግን ተማሪዎቹን ሜዳ አውጥቼ የቤት መሠረት ባለ 90 ዲግሪ ማዕዘን በ3፣ በ4 እና በ5 ሜትር ጎኖች እንዲያወጡ ወሰንኩ፤ ችካልና ሲባጎ ከቤቴ አመጣሁ፣ ሜትሩን ከንብረት ክፍል በንብረት ወጪ ቅጹ በሞዴል 22 ፈርሜ ወሰድኩ።

የ12 ሜትሩን ሲባጎ ወጥረን ስንጨርስ፣ በአጥሩ ጥግ አዲስ ክፍል የሚሠሩት አዛውንት ግንበኛ ጠጋ ብለው ተመለከቱና «መምህር፣ ይህ ማዕዘን ከፍቷል» አሉኝ። ተማሪዎቼ ዙሪያዬን ቆመዋል። 9 እና 16 ተደምረው ለምን 25 እንደሚሆኑ፣ ከእርሳቸው መረዳት ይልቅ ለራሴ ክብር የሚበጅ ረዘም ያለ ማብራሪያ ሰጠሁና «ፓይታጎረስ አይሳሳትም» ብዬ ደመደምኩ። ግንበኛው እስክጨርስ በትዕግሥት አዳምጠው ስኳድራቸውን፣ ማለትም የ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያቸውን፣ ማዕዘኑ ላይ ሲያጋድሙት በ60 ሴንቲ ሜትሩ ክንድ ጫፍ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ታየ። ሜትሩን ከእጄ ተቀብለው ጫፉን አገላብጠው አዩና «ሰውዬውስ አልተሳሳተም፤ የእርስዎ ሜትር ግን ከ3 ነው የሚጀምረው» አሉ።

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እውነቱን ለመናገር የዚያን ቀን የተዝናኑት ያኔ ብቻ ነው። ወዲያው ግን በኮሳይን ሕግ 2.97፣ 3.97 እና 4.97ን አስገብተው ማዕዘኑ 90.29 ዲግሪ መሆኑን፣ በ12 ሜትር ግድግዳ ላይም 6 ሴንቲ ሜትር ያህል እንደሚያስት አወጡ። ከኋላ የቆመች አንዲት ተማሪ፣ ሜትሩ ተለጥጦ ቢሆን ኖሮ ሦስቱም ጎኖች በአንድ ምጥጥን ስለሚለወጡ ማዕዘኑ እንደማይበላሽ፣ ተቆርጦ ሲያጥር ግን ከእያንዳንዱ እኩል 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚጎድል ምጥጥኑ እንደሚፈርስ አስረዳች። ይህን ጥያቄ ሦስት ሌሊት ባስብ አላዘጋጀውም ነበር።

ሜትሩን ስመልስ የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ጫፉን አይተው «በደህና ተረክቤአለሁ ብለው ፈርመዋል» አሉኝ። ፊርማው የእኔ ስለሆነ ዋጋውን ከፈልኩ፤ ሜትሩም የእኔ ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አዳዲሶቹን ተማሪዎች ሜዳ አውጥቼ እርሱኑ እሰጣቸዋለሁ፤ ስለ ጫፉም ምንም አልነግራቸውም።