ካርታው ላይ የጠፋው እምቦጭ

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ ሳተላይት ምስል ላይ ነው። ጉልበት አይጠይቅም፤ ዓይን ግን ይጨርሳል። አምና ሁለተኛ ዲግሪዋን የምትሠራ ልጅ አብራኝ ተመደበች። ርዕሷ እምቦጭ በጣና ሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ስንት ሄክታር እንደያዘ መለካት ነበር። እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ በዚሁ "ስንት ሄክታር" ላይ ያላየነው ጥናት የለም።

አንድ ቀን በፎገራ በኩል ያሉ ሁለት ምስሎችን አምጥታ አሳየችኝ። ምስሎቹን የሚያነሣው ሴንቲኔል 2 የተባለው ሳተላይት በየ5 ቀኑ ስለሚመለስ ልዩነታቸው አምስት ቀን ብቻ ነው። በመጀመሪያው ሰፊ አረንጓዴ ምንጣፍ አለ። በሁለተኛው ንጹሕ ውኃ። ደመና የለም፣ ነቃይም አልሄደም። አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ጠረጴዛው ላይ አጎንብሰው አዩና "አውጪው፣ የተበላሸ ዳታ ነው" አሏት። የማይመች ቁጥር ሲመጣ ሁላችንም ቶሎ የምንሮጠው ወደ መሰረዝ ነው።

"ከመሰረዝሽ በፊት" አልኳት "እውነት ቢሆን በምን ምክንያት ሊሆን ይችላል? አሥር ጻፊ፤ የሞኝ የሚመስለውንም። ትችቱን በኋላ እናደርሳለን።" ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። አሌክስ ኦዝበርን የሚባል የአሜሪካ ማስታወቂያ ሰው ያስፋፋው ልማድ ነው። ሐሳብ ማውጣትና ሐሳብ መተቸት አንድ ላይ ሲደረጉ ይጠላለፋሉ። መጀመሪያ የሚመጡት ሁለት ሦስቱ ማንም የሚለው ናቸው፤ ጉድ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ዝርዝሯ ላይ ወደ መጨረሻ "ሄዷል" ብላ ጽፋ ራሷ ሳቀችበት። ተክል የት ይሄዳል? እምቦጭ ግን ሥሩን ውኃው ውስጥ አንጠልጥሎ የሚንሳፈፍ ነው፤ ታችኛው ጭቃ ላይ አልተተከለም።

መስክ ስንወጣ ታንኳ የሚቀዝፉ አንድ ሽማግሌ ጠየቅናቸው። "እታለም፣ ነፋስ እኮ ነው!" አሏት። "ማታ እዚህ ተኝቶ ጠዋት ማዶ ታገኚዋለሽ። መረባችንን ሁሉ ይዞብን ይሄዳል።"

የነፋስ መረጃ ፈልገን ከምስሎቹ ጋር አስተያየነው። ብዙዎቹ ገጠሙ። ጥያቄው ከ"ስንት ሄክታር" ወደ "ነፋስ ወዴት ይገፋዋል" ዞረ፤ ይህ ደግሞ ነቃዮች የት ቢጠብቁ እንደሚሻል ይነግራል። ርዕስ ለመቀየር የሚሞላውን ፎርም ግን አታንሱብኝ።

ሊሰረዙ የነበሩት ምስሎች አሁን የጥናቷ ዋና ምዕራፍ ናቸው። ከነፋሱ በተቃራኒ የሄዱ ጥቂቶች ግን አልተፈቱም። እሷ ወደ ሐይቁ የሚገቡት የርብና የጉማራ ወንዞች ግፊት ነው ትላለች። እኔ ገና አልተዋጠልኝም፤ ክረምቱ ሲገባ እናያለን።