ብግነት ነው ያልኩት ጅማት

ሐዋሳ ውስጥ በፊዚዮቴራፒስትነት መሥራት በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንዲት የ5 ሺህ ሜትር ሯጭ ቀኝ እግሯን እያነከሰች መጣች። ታቦር ተራራን ሽቅብ መሮጥ ካበዛች ወዲህ ነው የጀመራት። ጠዋት ግድግዳ ይዛ ነው ከደረጃ የምትወርደው፤ ሰውነቷ ሲሟሟቅ ይተዋታል፤ ማታ ይመለስባታል። ከተረከዟ ሦስት ጣት ያህል ከፍ ብሎ፣ ባቷን ከተረከዟ የሚያያይዘው የአኪለስ ጅማቷ ወፍሯል።

«ብግነት ነው» አልኳት፤ ጅማትሽ ተቆጥቷል ማለቴ ነበር። በረዶ፣ ብግነት የሚቀንሰው ዲክሎፌናክ፣ 6 ሳምንት እረፍት።

ስታርፍ ተሻላት። ልምምድ ስትጀምር አገረሸ። ያንኑ ደገምኩላት፤ እንደገና አገረሸ። በሦስተኛው ጊዜ «ጋሼ፣ ሩጫ ልተወው እንዴ?» አለችኝ። ጥያቄው አሁንም ያመኛል፤ 4 ወሯን ያባከንኩት እኔ ነኝ።

አልትራሳውንድ የሚያነሱ አንጋፋ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። የግራ እግሯ ጅማት እንደ ሸማኔ ድር መስመሩን ጠብቆ ይታያል። የቀኙ መሐሉ ጠቁሮ ክሮቹ ተዘበራርቀዋል፤ ጤነኛ ጅማት ላይ የማይታዩ ቀጫጭን የደም ሥሮችም ሰርገው ገብተዋል።

«ከእንዲህ ያለ ጅማት ናሙና ሲወሰድ የብግነት ሕዋሳት እምብዛም አይገኙም» አሉኝ። «የጅማት ክር የሚሠራበት ፕሮቲን ኮላጅን ይባላል፤ ጠንካራው ዓይነት 1 ሲጎዳ ቀጭኑ ዓይነት 3 ይበዛል፤ ውኃ የሚይዝ ንጥረ ነገርም በክሮቹ መሐል ይጠራቀማል። የወፈረው ለዚህ ነው። ታዲያ ዲክሎፌናክህ ምኑን ያድነዋል?»

ወደ እሷ ዞረውም «ታይፎይድ ይዞሽ ሲፕሮ ወስደሽ ነበር?» አሏት። አልወሰደችም። እኔ ግን ለመጠየቅ እንኳ አላሰብኩም ነበር። ሲፕሮ ይህንኑ ጅማት ሊጎዳ፣ አልፎ አልፎም ሊበጥስ የሚችል አንቲባዮቲክ ነው፤ እኛ አገር ደግሞ ስንቱ ይውጠዋል!

ያን ማታ ተቀምጬ አነበብኩ። በ1998 እ.ኤ.አ. አልፍሬድሰን የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ስዊድን ውስጥ ይህ ሕመም የጸናባቸውን 15 ስፖርተኞች ለ12 ሳምንት ተረከዝን ቀስ አድርጎ ዝቅ የማድረግ ልምምድ አሠርተው ሁሉንም ወደ ሩጫ መልሰዋቸዋል። እኔም እንደዚያው አስጀመርኳት። በደረጃ ጠርዝ ላይ በእግሯ ጣቶች ትቆማለች፣ በደህናው እግር ከፍ ትላለች፣ የታመመውን ተረከዝ ቀስ አድርጋ ዝቅ ታደርጋለች። ጉልበቷን ዘርግታ 15 ጊዜ ሦስት ዙር፣ አጠፍ አድርጋ ሌላ ሦስት ዙር፤ በቀን ሁለቴ፣ እሑድም ሳይቀር። አሠልጣኟ «የታመመ ጅማት ላይ ደግሞ ጭነት?» ብለው ተቆጡኝ። ከእሷ ጋር ሐኪሙ ዘንድ ወስጄ የሁለቱን እግሮቿን ምስሎች ጎን ለጎን አሳየኋቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሟት ነበር፤ አላቋረጠችም። ዛሬ ጅማቷ ሲዳሰስ አሁንም ወፈር ያለ ነው። ጠዋት ከደረጃ ስትወርድ ግን ግድግዳ መያዝ ትታለች።