ጋዛ ለምን «ብርቱ» እንዳልሆነች፦ የዕብራይስጥ የቦታ ስሞችን የምፈታበት መንገድ

መጀመሪያ ስሙን በዕብራይስጥ ፊደል እጽፋለሁ። ከአማርኛው አጻጻፍ ተነሥቼ የፈታኋቸው ብዙዎቹ ተበላሽተውብኛል፤ በርካታ ስሞች ወደ እኛ የመጡት በግሪክኛ በኩል ነውና፣ ግሪክኛ ደግሞ ለሐ እና ለዐ ፊደል የለውም።

ቀጥሎ ስሙን እከፍለዋለሁ። ፊተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ የቦታውን ዓይነት ይናገራል፦ ቤት፣ በኤር (የውኃ ጉድጓድ)፣ ዔን (ምንጭ)፣ ጋት (መጭመቂያ)። ጌቴሴማኒ የዘይት መጭመቂያ ነው። ዓይንጋዲ የፍየል ግልገል ምንጭ ነው፤ ከሙት ባሕር በስተ ምዕራብ ምንጩ ዛሬም ይፈስሳል፣ የዋልያ ዘመድ የሆኑ የዱር ፍየሎችም ገደሉ ላይ ይታያሉ። ስምና መሬት እንዲህ ሲገጥሙ ልቤ ያርፋል።

ከዚያ ሥሩን ከግዕዝና ከዓረብኛ ጋር አስተያያለሁ። የሚያዳልጠው እዚህ ላይ ነው። ቤተ ልሔም በዕብራይስጥ የእንጀራ ቤት ነው፤ የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበትን ቤት «ቤተ ልሔም» ለምንል ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። በዓረብኛ ግን ላሕም ሥጋ ነው። ሥሩ አንድ ሆኖ ፍቺው ሲለያይ የሚፈርደው የዕብራይስጡ አነጋገር ነው።

ጋዛ ከዚህ ትብሳለች። ዕብራይስጡ ዐዛ ይላታል፤ የግዕዙ ዐዘዘ (በረታ) ደግሞ «ብርቱ» ብለን እንድንፈታት ይጋብዛል። እኔም እንዲያ ጽፌ ነበር። ዓረብኛ ግን ከተማዋን ገይን በሚባለው ፊደል፣ ብርታትን ዐይን በሚባለው ሌላ ፊደል ይጽፋል። ዕብራይስጥና ግዕዝ ሁለቱን ድምፆች በአንድ ፊደል ስለሚጽፉ ልዩነቱ አይታይባቸውም፤ የግሪክኛው «ጋ» ነው ያቆየው። በዕብራይስጥ ዐሞራ የተባለችው ገሞራም በዚሁ መንገድ «ገ» አገኘች። «ብርቱ» የሚለውን ሰርዤዋለሁ።

መጨረሻ ላይ መጽሐፉ ራሱ የሰጠውን ፍቺ ለብቻው እመዘግባለሁ። ዘፍጥረት 11፥9 ባቤልን ከ«መደባለቅ» ጋር ያያይዛታል፤ ባቢሎናውያኑ ግን ስሙን «የአምላክ በር» ብለው ይረዱት ነበር። ቤርሳቤህ (የሰባት ወይም የመሐላ ጉድጓድ) ላይ ሰባትና መሐላ በዕብራይስጥ አንድ ሥር ይመስላሉ፤ ዘፍጥረት 21ም ሰባቱን ጠቦቶችና መሐላውን አብሮ ይተርካል። አንዱን ለመምረጥ አልታገልም። ኢየሩሳሌምን «የሰላም ከተማ» ከማለቴ በፊት ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዘመን የተጻፉትን፣ በግብፅ የተገኙትን የአማርና ደብዳቤዎች አያለሁ፤ ኡሩሳሊም ይሏታል፤ ብዙ ሊቃውንትም ሁለተኛውን ክፍል ሻሊም ከተባለው የከነዓን አምላክ ጋር ያገናኙታል።